ከካናዳ ይዤው የመጣሁት መርዶ

ባለፈው ጁላይ አራት፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል፣ ፓይን ሌክ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ ርችት አየሁ። ርችት አልወድም፤ ጎረቤት ሁሉ ወንበሩን ይዞ ሲወጣ እኔ መስኮት የምዘጋ ሰው ነኝ። ዘንድሮ የጎረቤቴ ልጆች እጄን ጎትተው አወጡኝ። ተኩሱ አልቆ ጭሱ በውሃው ላይ እየተጎተተ ወደ እኛ ሲመጣ የባሩዱ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና አሥር ዓመት የሆነኝ ክረምት ድቅን አለብኝ። በዚያ ክረምት በአንዲት ትንሽ የካናዳ ከተማ፣ አሮጌ ምሽግ ላይ ቆሜ ይህንኑ ሽታ ምጌዋለሁ። በዚያው ክረምት እናቴን ሁለት ቀን ሙሉ ዋሽቻታለሁ።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ አካባቢ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበር። እማዬ ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞች ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፤ በዚያ ላይ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። አባቴ ጋራዥ ይሠራል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ስላልተወሰነ ሁለቱም ከአሜሪካ መውጣት አይችሉም፤ ከወጡ መመለሻ የለም። እኔ ግን እዚህ የተወለድኩ ስለሆንኩ እንዳሻኝ መውጣትና መግባት እችላለሁ፤ ይህም የቤቱ ትልቅ ሰው እኔ የሆንኩ ያህል ያኮራኝ ነበር። እማዬ የድንበሩን መስመር ብትረግጥ ስሟ ከኮምፒውተር ላይ የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። ስሙ የጠፋ ሰው ደግሞ ራሱም የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር።

የእማዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ሙሉ፣ ካናዳ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። እሷም በስደተኛ ወረቀት ስለሆነች ወደ እኛ መሻገር አትችልም። እህትማማቾቹ ከተያዩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ዘዴውን ያመጡት ጋሽ መኮንን ናቸው። ጋሽ መኮንን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ኮንየርስ ካለ መጋዘን ዕቃ የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በወጣትነታቸው ደግሞ የመድፈኛ ክፍል ወታደር ነበሩ። ዜግነታቸውን ካገኙ ቆይተዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጥተው ስልካቸው ላይ ካርታ ከፈቱ።

«ይሄ የአሜሪካኖቹ ምሽግ ነው፣ ይሄ ደግሞ የእንግሊዞቹ» አሉ። «ካናዳ ማለት ያኔ እንግሊዝ ነው። በመሀል ያለው ወንዙ ብቻ ነው። አንቺን እዚህ አቆምሻለሁ፣ እሷን እዚያ አቆማታለሁ። ጥሩ የርቀት መነጽር ከያዛችሁ ጥርሷን ታያለሽ።»

«ይቀልዳሉ ጋሼ» አለች እማዬ።

«በርቀት አልቀልድም። እኔ ከዚህ በላይ ርቀት አህያ ቆጥሬያለሁ።»

እማዬ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቁማ ካርታውን አየችው። ሆዷን ይዛ ብዙ አየችው።

በዚያ ሰሞን ናዝሬት ያለችው አያቴ ስልክ አላነሳ ብላ ነበር። አያቴን በአካል አይቻት አላውቅም፤ ለእኔ እሷ ማለት የእሑድ ድምፅ ናት። «ቁመትሽ የት ደረሰ?» ትለኛለች፤ ሁሌም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው፤ እኔም ከበሩ መቃን ጋር ተለክቼ ስልኩ ጋ እሮጣለሁ። ሁለት እሑድ አመለጠን። አጎቴ «ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ኔትዎርክ የለም» አለ። እማዬ «ጠበል ከሄደችስ ደህና» አለችና ለእናቷ የሚላክ ወይን ጠጅ ሹራብ ገዛች። አክስቴ ሙሉ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ትልክላታለች ተባለ። ሹራቡን እንድይዝ የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በጋሽ መኮንን መኪና ተነሳን። አባቴ ከጋራዡ ፈቃድ አላገኘም። ሲሰናበተን ጋሽ መኮንንን ራቅ አድርጎ አነጋገራቸው፤ እኔ ስለ ጎማ የሚያወሩ መሰለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረስን። እማዬን አሜሪካ በኩል፣ ከምሽጉ ቅርብ ያለ ሞቴል ውስጥ ትተናት እኔና ጋሽ መኮንን ወደ ድልድዩ ሄድን። ከናትና አባቴ የፈቃድ ደብዳቤ ይዣለሁ፤ ኖታራይዝ የተደረገ፣ ማኅተም ያለበት። ፖሊሱ ደብዳቤውን አገላብጦ አየው፤ እኛን አየን፤ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ጋሽ መኮንን ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ፈርተሃል?»

«እርስዎ በይ። አልፈራሁም።»

«ላብ በላብ ሆነሃል እኮ።»

«እርስዎ በይ አልኩሽ። ሙቀት ነው።»

ፖሊሱ ተመልሶ ሰውየው ምኔ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያጠናሁትን «የቤተሰብ ወዳጅ» የሚለውን መልስ ድልድዩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነገርኩት። አሳለፈን። ጋሽ መኮንን ካናዳ ገብተው አምስት ደቂቃ ከነዱ በኋላ ነው ትንፋሻቸውን የለቀቁት።

አክስቴ ሙሉ የምትኖረው አንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩን ስትከፍት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ ጠምጥማ ነበር፤ የሆቴሉ ዩኒፎርም መሰለኝ። አቅፋኝ አለቀሰች፤ እናቴን ስለምመስል ነው አልኩ። ውስጥ ሰባት ስምንት ሐበሻ ነበር። ግድግዳውን ተከትሎ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፣ ወንዶቹ እሱ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፤ ማንም አሸንፎ አይጮህም። ሴቶቹ ከየቤታቸው ያመጡትን ምግብ ያቀርባሉ። ምስኪን፣ ሶፋ እንኳ የላትም ብዬ አዘንኩላት። እኛ ሶፋ እንዳለን ለመናገር አፌን እየበላኝ ታገስኩ።

ሹራቡን ሰጠኋት። «ለአያቴ ነው፣ ላኪላት ብላለች እማዬ» አልኳት። ይዛው ሽንት ቤት ገባችና ቆየች። ቀለሙን አልወደደችውም ብዬ ተናደድኩ፤ የመረጥኩት እኔ ነበርኩና።

አንዲት አሮጊት ሊሄዱ ተነሱ። ዞር ዞር እያሉ ሁሉንም ተሰናበቱ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጉንጬን ያዙ።

«እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ። ለናትሽም ጽናቱን ይስጣት።»

አንዱ ካርታ ሊጥል ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። አሮጊቷም የሠሩትን ስላወቁት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አሥር ዓመቴ ቢሆንም ይህን ቃል አሳምሬ አውቀዋለሁ። እናትና አባቴ ሞግዚት ስለማይቀጥሩ በከተማችን በክላርክስተን ያልተወሰድኩበት ልቅሶ ቤት የለም። ሰው ሲሞት የሚባል ቃል ነው። ፍራሹን አሁን ሳየው የልቅሶ ፍራሽ ነው። ቀሚሱም ዩኒፎርም አይደለም። የሞተችው እናቴ መሰለችኝ። ሞቴል ውስጥ ብቻዋን ትተናት መጣን፣ አንድ ነገር ሆነች፣ ከእኛ በፊት እዚህ ተሰማ፣ ብዬ አሰብኩ።

«እማዬ ምን ሆነች?» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ ምን ሆነች?»

አክስቴ ሮጣ መጥታ ያዘችኝ። «እናትሽ ደህና ናት፣ ደህና ናት። አያትሽ ናት። እናታችን ናት።»

ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያቺ በየሳምንቱ ቁመቴን የምትጠይቀኝ ሴትዮ መሞቷን ሰምቼ እናቴ ስላልሆነች ብቻ ደስ አለኝ፤ ያ ደስታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀጥሎ የሆነውን አክስቴ ሽሮ ካበላችኝ በኋላ፣ የተኛሁ መስሏቸው ሲነጋገሩ ሰማሁት። አያቴ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው። ከእማዬ በቀር ዘመዱ ሁሉ ያውቃል፤ አባቴም ያውቃል።

«እስክትወልድ ይደበቃት» አለች አክስቴ።

«በፍጹም» አሉ ጋሽ መኮንን። «ሁለት ወር ሙሉ ጠበል ውስጥ ናት ልትሏት ነው? ቤቷ ትግባ። ሰኞ ማለዳ ሰው ሰብስቤ እኔው እነግራታለሁ። መርዶ በስልክ፣ መርዶ በመንገድ አይሆንም። ያውም በዚያ ሆድ።»

«ልጅቷስ?»

ዓይኔን ገለጥኩ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ነበር።

«ቤዛ» አሉኝ ጋሽ መኮንን፣ «ቤት እስክንገባ ምንም እንዳትነግሪያት። ይቻልሻል?»

«ብነግራት ትሞታለች?»

አይ፣ አትሞትም ማለት ነበረባቸው። «መንገድ ላይ ደግ አይደለም» አሉ። እኔም ቃሉን እንደ ጥይት ዋጥኩት፤ ከአፌ ካመለጠ እማዬንም ሆዷ ውስጥ ያለውንም ይገድላል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። ከጎረቤት የተዋሰችው ነው፣ ትከሻው ላይ ይሰፋታል። ራሷ ላይ አበባ ያለው ሻሽ አስራለች። ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ስታበቃ መስታወቱ ፊት ቆማ «እናቴ ይቅር በይኝ» ስትል ሰማሁ። ለምን እንደለበሰችው ገባኝ፤ እማዬ ከማዶ ሆና በመነጽር ጥቁር እንዳታይ ነው።

ቀጠሮው እኩለ ቀን ላይ ነው። እስከዚያ ጋሽ መኮንን ከተማዋን ሊያስጎበኙን ቆረጡ። ቀኑ ያማረ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ከመብራት ምሰሶ ላይ በተንጠለጠለ አበባ ተሞልቷል፣ ፈረሶች ጋሪ ይጎትታሉ፣ ቱሪስቱ አይስክሬም ይልሳል። እኛ ሦስታችን በመሀላቸው ሐዘን ደብቀን እንሄዳለን። በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ስም የተጻፈበት የሰዓት ማማ ጋ ቆምን፤ ጋሽ መኮንን ስሞቹን አንድ በአንድ እየተኮላተፉ አነበቧቸው። የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ የወታደሮች መቃብር አገኘን፤ እዚያም አነበቡ። አክስቴ ፊቷን አዞረች። የት ቢኬድ ሞት ነው የሚነበበው፤ እኔ ተናድጄባቸው ነበር።

ምሽጉ ከሜዳው መሀል በሾሉ እንጨቶች ታጥሮ የቆመ ነው። በሩ ላይ ቀይ ኮት የለበሱ፣ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች አሉ። ካናዳ ገና እየተዋጋች መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። የወታደሮቹን መኝታ አየን፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው የባሩድ መጋዘን ውስጥ ገባን፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ያፈጠጡት መድፎች ጋ ደረስን። የአንዱን አፈሙዝ አቅጣጫ በዓይኔ ተከትዬ ሄድኩ። ከውሃው ማዶ፣ የአሜሪካ ባንዲራ ሥር፣ ግራጫ ምሽግ አለ። እናቴ ያለችው እዚያ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ ላይ ነው ያነጣጠሩት።»

«እነዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ ሰመር ጆብ፣ የዕረፍት ጊዜ ሥራቸው ነው። ደግሞ እርስዎ በይ።» መድፉን መታ መታ አድርገው መንኮራኩሩን አዩ። «በዚህ አያያዝ አህያም አይመታም።»

ቀይ ኮት የለበሰች አስጎብኚ አንድ ወሬ ነገረችን፤ ጋሽ መኮንን ለአክስቴ ተረጎሙላት። ድሮ የሁለቱ ምሽግ መኮንኖች ወዳጆች ነበሩ አሉ፤ እየተሻገሩ አብረው ራት ይበላሉ። አንድ ቀን ማዕድ ላይ እንዳሉ ጦርነት መታወጁ ተሰማ። ራታቸውን በጨዋነት ጨረሱ፣ ተጨባብጠው ተለያዩ፣ ከዚያ መተኳኮስ ጀመሩ።

«ወሬውን ሰምተው እንዴት ዋጡት?» አለች አክስቴ።

«ምግቡን ነው ወይስ ወሬውን?» አሉ ጋሽ መኮንን።

እኩለ ቀን ሲደርስ የወንዙ ወገን ጥግ ላይ ቆምን። ስልኩ ጠራ፤ አክስቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ታየሽኝ?» አለች እማዬ። «ግንቡ ላይ ነኝ፣ ነጭ ሻርፕ እያውለበለብኩ ነው።»

ጋሽ መኮንን መነጽሩን ለአክስቴ ሰጧት። አክስቴ ዓይኗ ላይ ለጠፈችው። «ሆድሽ…» አለች። «ንግስት፣ ሆድሽ ይህን ያህል ገፍቷል?»

«ቢጫዋ አንቺ ነሽ? እትዬ፣ ምነው ከሳሽ? ቀሚሱ እኮ ዋጠሽ።»

«ዳይት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እማዬ ስትስቅ እዚህ ማዶ በስልክ ሰማኋት፤ መነጽሩን ተቀብዬ ሳያት ደግሞ በዚያች ሚጢጢ ክብ ውስጥ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁት። እኔም እየዘለልኩ እጄን አወዛወዝኩ። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ረስቼው ነበር፤ ሦስታችንም ረስተነው ነበር።

«እማማስ ከጠበል ተመለሰች እንዴ?» አለች እማዬ። «ትናንትም ሞከርኩ።»

በዚያች ቅጽበት ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ በኩል ነፋስ መጣ። የአክስቴን ሻሽ ከራሷ ላይ ገፎ ወሰደው። ፀጉሯን ተላጭታ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ያበቀለው ብቻ ነው ራሷ ላይ ያለው። በሁለት እጇ ራሷን ልትሸፍን ስትሞክር ስልኩ ሳር ላይ ወደቀ። አንስቼ ያዝኩላት። መነጽሩን ወደ ማዶ አዞርኩት። እማዬ የራሷን መነጽር ከዓይኗ አውርዳ፣ አንድ እጇን ግንቡ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ስልኩ ውስጥ የነፋስ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ፀጉርሽን ምነው እትዬ?» አለች እማዬ፣ በቀስታ።

«ሞቆኝ ነዋ» አለች አክስቴ። «ሰመር አይደለ?»

ጋሽ መኮንን ጫማቸውን ያያሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼያለሁ።

«ያምርብሻል» አለች እማዬ።

ከኋላችን ወታደሮቹ ትእዛዝ ጮኹ፣ መድፉም ተተኮሰ። መሬቱ እግሬ ሥር ዘለለ። ነጩ ጭስ ሸፈነንና ያ ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ያው ተኩስ በእማዬ ስልክ ከማዶ ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት።

«ገደሏት» ብዬ አለቀስኩ።

«ባዶ ነው ልጄ፣ ባሩድ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን ትከሻዬን ይዘው። ጭሱ ሲገፈፍ እማዬ እዚያው ቆማ ነበር። ስለ እናቷ ደግማ አልጠየቀችም።

በዚያው ቀን ተመልሰን አሳፈርናት። ሁልጊዜ ከፊት የምትቀመጠው እማዬ ከኋላ፣ ከእኔ ጋ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። እኔ ጥያቄዋን እየጠበቅሁ ደረቅሁ። እናቴ ጠያቂ ሰው ናት፤ ልደት ሄጄ ብመጣ ኬኩ ስንት ፎቅ እንደነበረ ሳይቀር ታወጣጣኛለች። ስለ አክስቴ ቤት፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ሹራቡ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ መልሱን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቻለሁ፣ ሶፋ እንኳ ፈጥሬላታለሁ። አንድም አልጠየቀችኝም። በመስኮቱ ዛፍ ዛፉን ታያለች። እንዳመለጥኩ ቆጠርኩት።

እሑድ ረፋድ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ እንደቆምን በሩን ከፍቼ አስመለስኩ። እማዬ በዚያ ሆዷ ወርዳ ግንባሬን ደግፋ ያዘችልኝ፣ በውሃ አጠበችኝ፣ በሻርፗ ጫፍ አፌን ጠረገችኝ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«አትጨነቂ የኔ እናት» አለችኝ። «ምንም አልጠይቅሽም።»

ስለበላሁት አይስክሬም መሰለኝ። እንዳልበላ ነግራኝ ነበርና።

ሰኞ ማለዳ በራችን ሲንኳኳ ከእንቅልፌ ነቃሁ። አባቴ ማን ነው ሳይል ከፈተ። ጋሽ መኮንን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ከፊት ገቡ፤ ከኋላቸው አራት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጥቁር ለብሰው ተከተሉ። እማዬን ይቀሰቅሷታል ብዬ ስጠብቅ የመኝታ ቤቷ በር ተከፈተ። ለብሳለች፤ ፀጉሯን በነጠላ ሸፍናለች። መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አሁን ትሞታለች ብዬ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም።

«እንግዲህ ንግስት» አሉ ጋሽ መኮንን። ቆሙ። «እንግዲህ ሰው ሆኖ…» ደግመው ቆሙ። መንገዱን ሙሉ ሲያጠኑት እንደነበር አውቃለሁ፤ ከንፈራቸው ሲነቃነቅ በመኪናው መስታወት አይቼ ነበር። አሁን ግን ከረባታቸውን ነካኩ፣ ወደ አባቴ ዞሩ፤ አባቴም አቀረቀረ።

«ይናገሩ ጋሼ» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ። «ከቅዳሜ ጀምሮ ይዤዋለሁ። እርስዎ ሳይነግሩኝ ማልቀስ አልችልም።»

ተናገሩ። «እናትሽ አርፈዋል» አሉ፤ ሁለት ቃል ብቻ።

ያን ጊዜ ከእናቴ የወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት፣ አባቴ እግሯ ሥር ቁጭ አለ። እያለቀሰች በመሀላቸው አንገቷን አስግጋ ኮሪደሩን ፈለገች። አየችኝ፤ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ነይ» አለችኝ። «ነይ ልጄ፣ በቃሽ፤ አንቺም አልቅሺ።»